የዱቤ ሽያጭ ዕዳ «10 ዓመት አልፎታል» ተብሎ ይቀራልን?

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ «በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአንድ ቸርቻሪ ነጋዴ 1,200,000 ብር የሚያወጣ የሕንፃ መሣሪያ በዱቤ ሸጥኩለት። ዋጋው የካቲት 30 ቀን 2007 ዓ.ም. እንዲከፈል በጽሑፍ ተስማምተን ተፈራርመናል። በቀኑ አልከፈለም። ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. 200,000 ብር በባንክ ሒሳቤ አስገባልኝ። ጥር 20 ቀን 2012 ዓ.ም. ለቀሪው 1,000,000 ብር ቼክ ጻፈልኝ፤ ባንኩ ግን በቂ ስንቅ የለውም ብሎ መለሰው። በ2013 ዓ.ም. በጠበቃ በኩል ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት፣ ሽማግሌም ላክሁበት። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ‹ያንተን ገንዘብ አልረሳሁም፣ ዘንድሮ እዘጋዋለሁ› የሚል የስልክ መልእክት ላከልኝ። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ስጠይቀው ግን ‹10 ዓመት ስላለፈው በይርጋ ታግዷል፣ ብትከስም አታገኝም› አለኝ። እውነቱን ነው?»

በገለጹልኝ ነገር ላይ ተመሥርቼ ስመልስ፣ ባለዕዳዎ የተናገረው ትክክል አይደለም፤ መብትዎ ገና አልታገደም። ሆኖም እርስዎም ተረጋግተው የሚቀመጡበት ጊዜ አይደለም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው ከሚመጡ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የሚሸነፉት 10 ዓመቱ ስላለፈባቸው ሳይሆን፣ 10 ዓመቱ መቋረጡን የሚያሳየው ማስረጃ ከእጃቸው ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚልና ከእርስዎ ሰነዶች መካከል የትኛው ምን ያህል ክብደት እንዳለው አያይዤ አስረዳለሁ።

መነሻችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 1845 ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር፣ ውል እንዲፈጸም ወይም ውል ባለመፈጸሙ ምክንያት የሚቀርብ ክስ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ እንደሚታገድ ይደነግጋል። በሁለት ነጋዴዎች መካከል የተደረገ የዱቤ ሽያጭ የተለየ አጭር ጊዜ ካልተወሰነለት በዚሁ ደንብ ሥር ይወድቃል። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ዕቃው ከተረከበበት ወይም ውሉ ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን፣ በአንቀጽ 1846 መሠረት ግዴታው ሊፈጸም ከሚገባበት፣ ማለትም ገንዘቡን መጠየቅ ከሚችሉበት ቀን ነው። በእርስዎ ጉዳይ ይህ ቀን የካቲት 30 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። መነሻው ቀን ራሱ በቁጥሩ ውስጥ አይገባም፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ነው ጊዜው አለፈ የሚባለው። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ነገር ባይፈጠር ኖሮ፣ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያበቃ ነበር፤ ባለዕዳዎም ትክክል ይሆን ነበር። እርሱ የቆጠረው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

የዘለለው ነገር አንቀጽ 1851ን ነው። ይህ አንቀጽ ይርጋ የሚቋረጥባቸውን ሁለት ምክንያቶች ይሰጣል። አንደኛው ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን፣ በተለይም ወለድ ወይም ከዕዳው ከፊሉን ሲከፍል፣ መያዣ ሲሰጥ ወይም ዋስ ሲጠራ ነው። ሁለተኛው ባለገንዘቡ ዕዳው እንዲከፈለው ፍርድ ቤት ክስ ሲያቀርብ ነው። መቋረጥ ማለት ጊዜው ለጥቂት ቆሞ ከቆመበት ይቀጥላል ማለት አይደለም፤ እስከዚያ ቀን የተቆጠረው ሁሉ ይሰረዝና በአንቀጽ 1852 መሠረት አዲስ ጊዜ ከዜሮ መቆጠር ይጀምራል። ዕዳው በጽሑፍ የታመነ ወይም በፍርድ የተረጋገጠ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ጊዜ 10 ዓመት ነው። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ለእርስዎ ብዙ ለውጥ ባያመጣም፣ የመጀመሪያው የይርጋ ጊዜያቸው አጭር ለሆነ ዕዳዎች ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለቱን ምክንያቶች ልብ ብለው ቢያነቧቸው፣ በንግዱ ዓለም በስፋት የሚታመንበት አንድ ነገር በውስጣቸው እንደሌለ ያስተውላሉ፤ እርሱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ባለገንዘቡ በራሱ የሚጽፈው ደብዳቤ፣ በጠበቃ ቢጻፍም፣ በአደራ ፖስታ ቢላክም፣ ባለዕዳው ፈርሞ ቢቀበለውም፣ ይርጋን አያቋርጥም። ሕጉ የሚጠይቀው የባለዕዳውን እምነት ወይም የባለገንዘቡን ክስ ነው፤ ደብዳቤ ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ባለዕዳው ደብዳቤውን «ደርሶኛል» ብሎ መፈረሙ ወረቀቱ እንደደረሰው እንጂ ዕዳ እንዳለበት ማመኑን አያሳይም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ እያስጻፉ ጊዜውን ያደሱ መስሏቸው 10 ዓመቱን ያሳለፉ ሰዎች ጉዳያቸውን ይዘው ሲመጡ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው። የ2013ቱ ደብዳቤ ዋጋ ቢስ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ባለዕዳው እንዲፈጽም የተሰጠ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ስለሚያሳይ፣ ስለመዘግየቱ የሚታሰበውን ወለድ ለመጠየቅ ይረዳዎታል፤ በውላችሁ ከዚህ የበለጠ ወለድ ካልተወሰነ በቀር ሕጋዊው ወለድ በአንቀጽ 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው። መልስ ጽፎልዎት ከሆነና በመልሱ ውስጥ «ዕዳውን ለመክፈል ጊዜ ይሰጠኝ» የሚል ቃል ካለ ደግሞ፣ እምነቱ የሚገኘው እርስዎ በጻፉት ሳይሆን እርሱ በመለሰው ወረቀት ላይ ነው። እባክዎ ፋይልዎን አገላብጠው መልስ እንደነበረ ይፈልጉ።

የሽምግልናውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ነገርን በሽማግሌ መያዝ መልካም ነው፤ ብዙ ዕዳም የሚከፈለው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ይዘው በቆዩበት ወራት ወይም ዓመታት ጊዜው አይቆምም። ጊዜውን የሚያቋርጠው ሽምግልናው ሳይሆን፣ በሽምግልናው ላይ ባለዕዳው ያመነው ነገር ነው፤ ያንንም በክርክር ጊዜ ማስረዳት አለብዎት። ሽማግሌዎቹ ፊት «አለብኝ፣ በሁለት ዓመት ከፍዬ እጨርሳለሁ» ብሎ በወረቀት ፈርሞ ከሆነ፣ ያ ወረቀት በፋይልዎ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። በቃል ብቻ ተናግሮ ከነበረ ግን ከዓመታት በኋላ የሽማግሌዎቹ ትውስታ ላይ መደገፍ ይሆናል፤ አንዱ ሊሞት፣ አንዱ አገር ሊለቅ፣ አንዱ ደግሞ «በመካከላቸው መግባት አልፈልግም» ሊል ይችላል።

እንግዲህ በእጅዎ ያሉትን አንድ በአንድ እንመዝናቸው። ከሁሉ የሚጠነክረው በሰኔ 2009 ዓ.ም. የተከፈለው 200,000 ብር ነው። ከዕዳው ከፊሉን መክፈል በሕጉ በግልጽ የተጠቀሰ የእምነት መንገድ ነው፤ የተከፈለውም በባንክ በመሆኑ ቀኑንና መጠኑን የባንኩ መግለጫ ያሳያል። ሆኖም አንድ ክፍተት መሙላት ይኖርብዎታል። ከዚህ ሰው ጋር በዚያን ዘመን ሌላ ግብይት ነበራችሁ? ከነበራችሁ «ያ ገንዘብ ለሌላ ዕቃ የከፈልኩት ነው፣ በዚህ ዕዳ ላይ የተከፈለ አይደለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ገንዘቡ ሲገባ በማስገቢያው ወረቀት ላይ የተጻፈ ምክንያት፣ በዚያ ሰሞን የተላላካችሁት መልእክት፣ ወይም እርስዎ በሒሳብ መዝገብዎ ላይ ያሰፈሩት ማስታወሻ ይህን ጥያቄ ይመልሳል። ሁለተኛም ገንዘቡ የገባው ከማን ሒሳብ እንደሆነ ይመልከቱ። ውሉን የፈረመው ነጋዴው በግሉ ሆኖ ከፋዩ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ፣ ወይም የከፈለው ወንድሙ ከሆነ፣ «እኔ አላመንኩም» ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። እንዲህ ያለው መከራከሪያ ሁልጊዜ ተቀባይነት ያገኛል ማለት አይደለም፤ ግን አስቀድመው ካላሰቡበት ችሎት ላይ ሲነሳ መልስ ያጥርዎታል።

እዚህ ላይ ስለ ጥሬ ገንዘብ ክፍያ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌሎች አንባቢዎችም ይጠቀሙበታል። ባለዕዳው ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ ሲከፍል ደረሰኝ የሚቀበለው እርሱ ነው። ስለዚህ ይርጋ መቋረጡን የሚያስረዳው ወረቀት ለይርጋው ተጠቃሚ በሆነው ሰው እጅ ይቀራል። አንድ ደንበኛዬ በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ ተከፍሎት ሦስት ጊዜ ደረሰኝ ሰጥቶ ነበር፤ ከደረሰኞቹ የአንዱንም ቀሪ አላስቀረም። ባለዕዳው ችሎት ቀርቦ «ከውሉ ቀን ጀምሮ አንድም ብር ከፍዬ አላውቅም» ሲል፣ እውነቱን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ይርጋው ተቋርጧል ብሎ የሚከራከር ባለገንዘብ የማስረዳት ሸክሙ የእርሱ ስለሆነ፣ ደንበኛዬ የተከፈለውን ማስረዳት ስላልቻለ ያልተከፈለውን አጣ። ከፊል ክፍያ ስትቀበሉ ደረሰኙን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ፣ በእናንተ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ ከፋዩ «ከዚህ ቀሪ ዕዳ ላይ የከፈልኩት» ብሎ እንዲፈርም አድርጉ። ወይም ክፍያው በባንክ ብቻ ይሁን።

ወደ ቼኩ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ብዙ ክስ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ቼክ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ራሱን የቻለ የንግድ ሰነድ ነው፤ በእርሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መክሰስ ይቻላል። በዚህ መልኩ ሲታይ ግን የራሱ አጭር የይርጋ ጊዜ አለው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 881 መሠረት፣ የቼኩ አምጪ በቼኩ አውጪ ላይ የሚያቀርበው ክስ ቼኩ ለክፍያ መቅረብ የሚገባው ጊዜ ካበቃ በኋላ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 የቀድሞውን ሕግ በአብዛኛው ተክቶታል፤ እንደ ቼክ ስላሉ ተላላፊ የንግድ ሰነዶች የሚናገረውን ክፍል ግን ስላልነካው ይህ ደንብ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ በ2012 የተጻፈ ቼክን ብቻ ይዘው በ2018 «የቼክ ገንዘብ ይከፈለኝ» ብለው ቢከሱ፣ ባለዕዳዎ ይርጋ ብሎ ይቃወማል፤ በዚህኛው ግን ያሸንፋል።

በሌላ በኩል ያው ቼክ ባለዕዳው በገዛ እጁ ስምዎን፣ 1,000,000 ብርና ቀኑን ጽፎ የፈረመበት ወረቀት ነው። ለ1,200,000 ብር ዕዳ 200,000 ከፍሎ ለቀሪው 1,000,000 ቼክ የጻፈ ሰው፣ ቀሪው ዕዳ እንዳለበት በጽሑፍ አምኗል ብሎ መከራከር የሚያስችል ጠንካራ ምክንያት ነው። ስለዚህ የክስዎ መሠረት መሆን ያለበት የ2007ቱ የሽያጭ ውል ሲሆን፣ ቼኩ በዚያ ክስ ውስጥ የሚቀርበው ይርጋው መቋረጡንና የቀሪውን ዕዳ መጠን ለማስረዳት ነው። ቼኩ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ሲመለስ ባንኩ የሰጠውን ወረቀት አብረው ያያይዙ፤ ዕዳው በቼኩ አለመከፈሉን ያሳያልና። ባለዕዳዎ «ቼኩን ስሰጥህ የሽያጩ ዕዳ ቀርቶ በቼክ ዕዳ ተተክቷል» ሊል ቢሞክር፣ አንድ ግዴታ በሌላ ተተካ የሚባለው ተዋዋዮቹ ይህን ማድረግ መፈለጋቸው በማያሻማ ሁኔታ ሲታወቅ ብቻ መሆኑን ይመልሱለት። ለዕዳ ማቅለያ ቼክ መቀበል በራሱ እንዲህ ያለ ፈቃድ አያሳይም።

በቼኩ ምክንያት ፖሊስ ጋ አለመሄድዎን በሐዘኔታ ጽፈውልኛል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ነው፤ ሆኖም የወንጀል ክስ አለመኖሩ የፍትሐ ብሔር መብትዎን አይቀንሰውም። ሰውን ላለማሳሰር ብለው መታገሥዎ በሕግ ፊት ዕዳ እንደመማር አይቆጠርብዎትም።

የመስከረም 2015ቱ የስልክ መልእክት ሦስተኛው ማስረጃ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል፤ ስለዚህ «የስልክ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም» የሚለው የቆየ አባባል ልብዎን አይክፈለው። የሚቀረው ሁለት ነገር ማስረዳት ነው፤ የላከው እርሱ መሆኑንና የተናገረው ስለዚህ ዕዳ መሆኑን። መልእክቱ «ያንተን ገንዘብ» ይላል እንጂ መጠኑንም ሆነ ውሉን አይጠቅስም። ብቻውን ቢቀርብ ደካማ ነው፤ ከቼኩና ከውሉ ጋር አብሮ ሲነበብ ግን በመካከላችሁ ሌላ ዕዳ ከሌለ ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። መልእክቱ ያለበትን ስልክ አይሽጡት፣ አይለውጡት፣ መልእክቱንም አያጥፉት። ከእርሱ በፊትና በኋላ የተላላካችሁትን ሁሉ ቀኑና ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው ፎቶ አንስተው ያትሙት። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ከካደ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ ከቴሌኮም ድርጅቱ እንዲገለጽ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ ማመልከት ይችላሉ።

ሦስቱም ክስተቶች፣ ማለትም ከፊል ክፍያው፣ ቼኩና መልእክቱ፣ የተፈጸሙት የመጀመሪያው 10 ዓመት ከማለቁ በፊት ነው። ይህ ወሳኝ ነጥብ ነው። አንቀጽ 1851 የሚያቋርጠው እየሮጠ ያለን ጊዜ ስለሆነ፣ ጊዜው ካለቀ በኋላ የሚሰጥ የእከፍላለሁ ቃል በዚህ አንቀጽ አይረዳም። በእርስዎ ጉዳይ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢረጋገጥ የባለዕዳው መቃወሚያ ይወድቃል። ከከፊል ክፍያው ቢቆጠር አዲሱ ጊዜ የሚያበቃው ሰኔ 12 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ ከቼኩ ቢቆጠር ጥር 20 ቀን 2022 ዓ.ም. ይደርሳል፤ ከመልእክቱ ቢቆጠር ደግሞ እስከ መስከረም 2025 ዓ.ም. ይሄዳል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የኋለኞቹን ሁለቱን ለክርክር አስቀምጬ፣ ለራሴ የምቆጥረው ከሁሉ አጭር የሆነውንና በማስረጃ ከሁሉ የጠነከረውን ነው። ሰኔ 12 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ ይውላል። የመጨረሻው ቀን በዓል ቢሆን ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ያልፋል የሚል ደንብ በሕጉ አለ፤ ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ብር በዚያ ቅዳሜ አቆጣጠር ላይ ተንጠልጥሎ እንዲከራከሩ በፍጹም አልመክርዎትም።

ከጥያቄዎ ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ አጫጭሮቹ ጊዜያት ማንሳት ይገባኛል፤ ምክንያቱም «የንግድ ዕዳ 10 ዓመት አለው» የሚለው ሐረግ ተነጥሎ ሲነገር ሌላውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2024 የቤት ኪራይንና የብድር ወለድን ጨምሮ አንዳንድ ዕዳዎች በ2 ዓመት ውስጥ ካልተጠየቁ እንደተከፈሉ እንዲገመት ያደርጋል። ይህ በጠባዩ ከይርጋ ይለያል፤ ይርጋ «ዕዳ ቢኖርብኝም መጠየቅ አትችልም» ሲል፣ ግምቱ ግን «ተከፍሏል» ይላል። በእኔ አስተያየት፣ በመከላከያ መልሱ «አልከፈልኩም፣ ግን ጊዜው አልፏል» ብሎ የጻፈ ተከራይ ግምቱን በራሱ አፍ አፍርሶታል። መጋዘን አከራይተው ኪራዩን ለዓመታት ያላሰባሰቡ ሰዎች ይህን አንቀጽ ሊያውቁት ይገባል። በኢንሹራንስ ውል ላይ የተመሠረተ ክስ በ2 ዓመት፣ ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ላይ የተመሠረተ የካሣ ክስም በ2 ዓመት ይታገዳል። ለድርጅት የሠራ ሰው ግንኙነቱ የሥራ ቅጥር ከሆነ፣ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ6 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የይርጋ ደንብ በሚሠራበት አጭር ጊዜ ባለው ዕዳ ላይ ባለዕዳው በጽሑፍ ካመነ፣ ከእምነቱ በኋላ የሚቆጠረው ጊዜ አጭሩ ሳይሆን 10 ዓመት ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ያህል ትሠራለች።

ያቺ ወረቀት ደግሞ ለማዘጋጀት የምትከብድ አይደለችም። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው፣ በዚህ ቀን ከተደረገው የሽያጭ ውል በዚህ ቀን መክፈል ከነበረብኝ ዋጋ ላይ እስከ ዛሬ ይህን ያህል ከፍዬ፣ ይህን ያህል ብር ቀሪ ዕዳ እንዳለብኝ አምናለሁ» የሚል፣ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ ከተቻለ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ጽሑፍ ይበቃል። ባለዕዳው ማኅበር ከሆነ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ወይም ሥልጣን የተሰጠው ሰው መሆን አለበት፤ የሽያጭ ሠራተኛው ፊርማ ማኅበሩን ስለማስገደዱ ሌላ ክርክር ይከፍታል። መክፈል ያልቻለ ግን ቅን የሆነ ባለዕዳ ይህን ለመፈረም ብዙ ጊዜ አያመነታም፤ ጊዜ የሚያስገኝለት ነገር ነውና። ለመፈረም እምቢ ካለ ደግሞ ሐሳቡን አስቀድመው ያውቃሉ።

ባለዕዳዎ ዘመድዎ ወይም እርስዎ በእርሱ ሥር የሚሠሩ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አንድ ተጨማሪ መከራከሪያ ይኖርዎት ነበር። በአንቀጽ 1853 መሠረት፣ ባለገንዘቡ በጊዜው ያልጠየቀው ከባለዕዳው ጋር ባለው ዝምድና ወይም በበታችነቱ ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ የይርጋውን መቃወሚያ ሳይቀበለው ሊቀር ይችላል። ከወንድም ወይም ከአማች ጋር ለሚነግዱ ሰዎች የምታገለግል አንቀጽ ናት። ወዳጅነትና ይሉኝታ ግን በዚህ ውስጥ አይገቡም።

ስለ ክርክሩ አካሄድም ጥቂት ልበል። ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አነሳሽነት አያነሳም፤ አንቀጽ 1856 ይህን ይከለክላል። ተከሳሹ ራሱ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 መሠረት፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት በጊዜው ማንሳት አለበት፤ በዚያ ጊዜ ካላነሳው እንደተወው ይቆጠራል። የእርስዎ ባለዕዳ ግን ገና ሳይከሰስ ይርጋን በቃሉ ጠርቷልና ይረሳዋል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ስለዚህ መቃወሚያው እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ ክስዎ ላይ በቀጥታ «ተከሳሹ ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዕዳው ከፊሉን በመክፈል፣ ጥር 20 ቀን 2012 ዓ.ም. ለቀሪው ቼክ በመጻፍ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በላከው መልእክት ዕዳውን ስላመነ ይርጋው ተቋርጧል» ብለው ይጻፉ፤ ማስረጃዎቹንም ከክሱ ጋር ያያይዙ። ይህን ሳይጽፉ ቀርተው መቃወሚያው ሲነሳ ማስረጃ ፍለጋ መሮጥ፣ ሊያሸንፉት የሚችሉትን ነገር ለዕድል አሳልፎ መስጠት ነው።

የሚጠይቁት ዋናው ገንዘብ 1,000,000 ብርና ስለመዘግየቱ የሚታሰበው ወለድ ሲሆን፣ ወጪና ኪሣራም ይጨምራሉ። ወለድ ከዋናው ዕዳ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ ዋናው በይርጋ ከታገደ ወለዱም አብሮ ይታገዳል። የተወሰነ የገንዘብ መጠን ያለው የጽሑፍ ውል ስላለዎት፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 የተመለከተውን አጭር ሥነ ሥርዓት መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠበቃዎን ይጠይቁ። በዚህ መንገድ ተከሳሹ ለመከላከል አስቀድሞ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሆኖም የይርጋ ክርክር ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ፈቃዱ ሊሰጠው ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ለሙሉ ክርክር ተዘጋጅተው ይግቡ።

ክሱን ከመክፈትዎ በፊት በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት አንድ ነገር ግን አለ። ባንክዎ ሄደው የሰኔ 2009 ዓ.ም. የሒሳብ መግለጫዎን በማኅተም ተረጋግጦ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ገንዘቡ ከየትኛው ሒሳብና በማን ስም እንደገባም እንዲገለጽ ይጠይቁ። የቆየ ሰነድ ስለሆነ ፍለጋው ቀናት ሊወስድ ይችላል። ያ መግለጫ እጅዎ ሲገባ፣ የውሉን ዋና ቅጂ፣ ቼኩን፣ ባንኩ ሲመልሰው የሰጠውን ወረቀትና የታተሙትን መልእክቶች ይዘው ጠበቃዎ ዘንድ ይሂዱ።